ከቤቷ የመጀመሪያዋ ተማሪ

(ጋሼ በአሜሪካ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠያቂዋ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት።)

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሃይስኩል ጎበዝ ነበርኩ። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ግን ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ የማላውቅ ይመስለኛል። ምን ነካኝ?

ጋሼ፦ ምንም አልነካሽም፣ ልጄ። አብረውሽ ከሚማሩት ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ኮሌጅ ጨርሰዋል፤ አድቫይዘር የሚባለው የትምህርት አማካሪ ምን እንደሚሠራ፣ ኮርስ እስከ መቼ እንደሚጣል እራት ላይ ሲወራ ሰምተው አድገዋል። ያንቺ አባት ታክሲ ሲነዳ ያመሻል፣ እናትሽ ነርሲንግ ሆም ስትሠራ ታድራለች፤ ከየት አምጥተው ይንገሩሽ?

ተማሪዋ፦ አባቴ እኮ አገር ቤት በዲፕሎማ ተመርቋል። እኔም ከቤቷ የመጀመሪያዋ ተማሪ፣ «ፈርስት ጄኔሬሽን» እባላለሁ?

ጋሼ፦ ትባያለሽ። የአገሩ ሕግ መለኪያ የባችለር ዲግሪ ነው፤ ከወላጆችሽ አንዳቸውም ከሌላቸው ትቆጠሪያለሽ። ስለዚህ «ስቱደንት ሳፖርት ሰርቪስስ» የሚባል ቢሮ ኮሌጅሽ ውስጥ እንዳለ አጣሪ። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ እንዳንቺ ላሉ ልጆች በነፃ ያስጠናል፣ ያማክራል። ሁሉም ኮሌጅ ግን የለውም።

ተማሪዋ፦ መጠየቅ ይከብደኛል። የኬሚስትሪ ፈተናዬ ሲመለስ ፕሮፌሰሩ «ኦፊስ አወርስ ላይ ነይ» ብሎ ጽፎበታል። ደንግጬ ቀረሁ።

ጋሼ፦ መደንገጥሽ አይገርመኝም። አገር ቤት ቢሮ የሚጠራ ልጅ ያጠፋ ነው፤ ቀጥሎ «ወላጅ አምጪ» ይከተላል። እዚህ ኦፊስ አወርስ መምህሩ ለተማሪ ብሎ የለየው ሰዓት ነው። ቀኑና ሰዓቱ በኮርሱ መመሪያ፣ «ሲለበስ» በሚሉት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ደጅ ጥናት አይደለም። ፈተናውን ይዘሽ ግቢ፤ አንዱን ጥያቄ በጣትሽ አሳዪውና «እዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ መስመር በኋላ ጠፋብኝ» በይው። ይበቃል፤ የቀረውን እሱ ይጀምረዋል።

ተማሪዋ፦ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብገባ አይሻልም ነበር? ክፍላችን አሥራ አምስት ሰው ነው፤ መደበቂያ የለም። አበሻም እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ፦ ብቸኝነቱ እውነት ነው፤ አላቃልልብሽም። አንዳንዱ ኮርስም በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ካሁኑ ከአድቫይዘርሽ ጋር መርሐ ግብር አውጪ። መደበቂያ ማጣትሽ ግን ይጠቅምሻል። ለማስተርስ ወይም ለሕክምና ስታመለክቺ የድጋፍ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍልሽ በስምሽ የሚያውቅሽ መምህር ነው። ከትንሽ ኮሌጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ ለማየት ኬንተኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅ ተመልከቺ። በ1855 እ.ኤ.አ. ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች መሠረቱት፤ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ እዚያው ይሠራል። የታሪክ ምሁሩ ካርተር ጂ. ዉድሰን በ1903 የተመረቀው ከዚያ ነው። ወላጆቹ በባርነት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱም የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ቆይቶ ሃይስኩል የገባው በ20 ዓመቱ ነው። በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያዘ፤ የጥቁሮች ታሪክ ወር የሚባለውም እሱ በ1926 ከጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት የመጣ ነው።

ተማሪዋ፦ ገንዘቡስ? አባቴ ሥራ ቀዝቅዞበታል። አንድ ኮርስ ጥዬ ተጨማሪ ሥራ ልያዝ እያልኩ ነው።

ጋሼ፦ ሳትጠይቂ እንዳትጥዪ! ከሙሉ ሰዓት ተማሪነት ከወረድሽ እርዳታሽ ሊቀንስ ይችላል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻም በየዓመቱ እንደሚሞላ አትርሺ። የቤታችሁ ገቢ ከወረደ ማስረጃውን ይዘሽ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂጂና «ጉዳዬ እንደገና ይታይልኝ» በይ፤ እንደገና የማየት ሥልጣን አላቸው። ይሄ ልመና አይደለም።

ተማሪዋ፦ ይሉኝታው ነው የሚይዘኝ።

ጋሼ፦ ይሉኝታ ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ ሰው አክብሪበት። ትምህርትሽን ግን አታስከፍይበት። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለች ልጅ የገባት ትመስላለች፣ ማንም አይደርስላትም።

ተማሪዋ፦ ለእናቴና ለአባቴስ ምን ልበላቸው?

ጋሼ፦ እኔ ብያለሁ በያቸው፦ ቅዳሜ ሲደውሉልሽ «ስንት አገኘሽ?» ብቻ ብለው አይዝጉ። «የከበደሽ ምንድን ነው? ማንን ጠየቅሽ?» ይበሉ። ኬሚስትሪውን ባያውቁትም ይህን መጠየቅ ይችላሉ። ልጁን ኮሌጅ የላከ ወላጅ ሁሉ እንዲሁ ያድርግ።