እውነተኛ ርዳታ

ሔለን ኬለር የምትባል ልጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተወለደች። ዕድሜዋ 19 ወር በሆነ ጊዜ ጽኑ ሕመም ታመመች፤ ሕመሙም ሲተዋት ዓይኗ የማያይ፥ ጆሮዋም የማይሰማ ሆነ። የሰው ድምፅ ስለማትሰማ መናገርን ልትማር አልቻለችም። የምትሻውን ለመግለጽ ባቃታት ጊዜ ትቈጣና ትጮኽ ነበር። ከዘመዶቿም ትማራለች ብለው ያላመኑ ነበሩ።

በ1887 ዓ.ም. አን ሱሊቫን የተባለች የ20 ዓመት መምህርት መጣች። እርሷም በልጅነቷ ዓይኗን ታማ ስለ ነበረ የሔለንን ችግር ታውቅ ነበር። ፊደሉንም በጣቶቿ ምልክት እያደረገች በልጅቷ መዳፍ ላይ ትጽፍላት ጀመር። ሔለን ግን ምልክቱን ትከተል ነበር እንጂ ትርጓሜውን አላወቀችም። አንድ ቀን መምህርቷ ወደ ውኃ መቅጃ ወሰደቻት፤ ውኃው በአንድ እጇ ላይ ሲፈስ በሁለተኛው መዳፏ «ውኃ» የሚለውን ቃል ጻፈችላት። ያን ጊዜ ልጅቷ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው አስተዋለች።

ካደገችም በኋላ ራድክሊፍ ወደሚባለው ኮሌጅ ለመግባት በ1899 ዓ.ም. ተፈተነች። መምህርቷ እንዳትረዳት ስለ ተከለከለ፥ ጥያቄው ዓይነ ስውራን በጣት በሚያነቡት ፊደል ተጽፎ ተሰጣት፤ መልሱንም ራሷ በጽሕፈት መኪና ጻፈች። በ1900 ዓ.ም. ገብታ ከሚያዩና ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋራ ተቀመጠች። አን ሱሊቫንም በአጠገቧ ሆና የመምህሩን ቃል በመዳፏ ትጽፍላት ነበር። እጆቿ በማዳመጥ ስለ ተያዙ፥ ሔለን ያስታወሰችውን የምትጽፈው ወደ ቤቷ ስትመለስ ነበር። እንዲህ እየደከመች በ1904 ዓ.ም. ትምህርቷን በክብር ፈጸመች።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። መምህርቷ መንገዱን ከፈተችላት እንጂ በርሷ ፈንታ አልሄደችም። በክፍላችሁ አንደበቱ የሚዘገይ ባልንጀራ ቢኖር ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ እስኪጨርስ ታገሡት። ጆሮው የደከመ ቢኖር ፊታችሁን ወደ እርሱ መልሳችሁ፥ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። በምርኩዝ የሚሄድ ቢኖር በሚያልፍበት ስፍራ ዕቃ አታኑሩ፤ ምርኩዙንም ሳይፈቅድ አትንኩ። ሊረዱት ሲወዱም አስቀድሞ ምን እንደሚሻ መጠየቅ ይገባል። ዝም ያለ ሁሉ ዕውቀት የጐደለው አይደለምና፤ ምናልባት የሚጠብቀው ሰው አጥቶ ይሆናል።

ጥያቄ።
1፤ ሔለን በክፍል ውስጥ የመምህሩን ቃል የምትሰማው በምን ነበር?
2፤ ባልንጀራን በመርዳትና በርሱ ፈንታ በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?