ጭላዳ በሰሜን ተራሮችና በአጥር ውስጥ፦ አበላሉና ጠባዩ

ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ሳንቃበር የሚሄድ ሰው ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር የሚነጭ መንጋ ያያል። ከሩቅ በግ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ጭላዳ ነው።

ሁሉንም "ዝንጀሮ" እያልን እንጠራለን እንጂ ጭላዳና የቆላው ዝንጀሮ በአበላል አይገናኙም። የቆላው ያገኘውን ይበላል፦ ፍሬ፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ ሲመቸውም ሥጋ። ጭላዳ ግን ሣር በል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች እንደ እሱ በሣር የሚኖር ሌላ የለም።

ታዲያ ሣር በቀላሉ አያጠግብም። ላም ታመሰኳለች፤ ጭላዳ አያመሰኳም። ስለዚህ ብዙ መብላትና አድቅቆ ማኘክ አለበት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቅጠል ቅጠሉን እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ቦታ ለመቀየር እንኳ አይነሣም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬት ቆፍሮ ሥር ያወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትም ከዚሁ መቀመጥ ጋር እንደሚያያዝ ብዙ አጥኚዎች ይገምታሉ፤ ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን እሱ በደረቱ ያሳያል።

አንድ አውራ ከጥቂት ሴቶችና ከግልገሎች ጋር ቤተሰብ ይሆናል፤ ቤተሰቦቹ ሲገናኙ መንጋው በመቶዎች ይቆጠራል። ሣር በየቦታው ስላለ በምግብ እምብዛም አይጣሉም። ሲመሽ ገደል ላይ ወርደው ያድራሉ።

በአጥር ውስጥስ? የስዊዘርላንዱ የዙሪክ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ2006 በሰሜን ተራሮች ስም ለጭላዳ ሰፊ ቦታ ከፍቷል። በጀርመን ራይነ ከተማም ትልቅ መንጋ አለ። እዚያ ችግሩ የምግብ እጥረት ሳይሆን የምግብ ፍጥነት ነው። ተከትፎ በአንድ ቦታ የተቀመጠ አትክልት ወዲያው ያልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነጭ የሚውል ጣት ሥራ ይፈታል፤ ጉልበተኛውም ክምሩን ይይዛል። ሣር ያለበት መስክና የተበተነ ምግብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በእኔ አስተያየት እኛም መንገድ ዳር ዳቦ ስንወረውርለት ያንኑ ክምር ነው የምናስለምደው። ሰው የለመደ መንጋ ደግሞ ከማሳ አይርቅም። ገብስም ለጭላዳ ሣር ነው! የደባርቅና የዳባት ገበሬ ቢማረር እውነት አለው። ግን "ዝንጀሮ ሰብል አጠፋ" የሚል ዜና ስንሠራ የቱ ዝንጀሮ እንደሆነ እንጠይቅ። ጭላዳ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደል ስለሆነ ከአፋፉ ብዙ አይርቅም፤ ቀድሞ የሚነካውም ገደል አፋፍ ያለው ማሳ ነው።