በደጋና በቆላ መካከል፦ በቆሰበር በኩል ለሚመላለሱ ባለ ቱርቦ ሞተሮች የዘይት አመራረጥ

መግቢያ

ቆሰበር፣ ዛሬ በይበልጥ እንጅባራ በሚለው ስሟ የምትታወቀው የአዊ ዞን ዋና ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል። ከዚሁ ጎዳና የሚገነጠለው ሌላው መንገድ ደግሞ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባ ቆላ ይወርዳል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ ይህ መንገድ ለከባድ ጭነት ያለው ጠቀሜታ እጅግ ጨምሯል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የቆሰበር አየር ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ የተነሣ መኪና በዚያው ቀን ከ1800 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የጉባን ሙቀት ያገኛል፤ ሲመለስም ያንኑ ዳገት ይወጣል። እንግዲህ አንድ የሞተር ዘይት ሁለት ተቃራኒ ግዳጅ አለበት ማለት ነው፤ በብርድ ፈጥኖ መፍሰስ፣ በሙቀት ደግሞ አለመሳሳት። በጋራዥ አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይሰነዘራሉ። አንደኛው «ለዳገት ወፍራም ዘይት» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «አዲስ የወጣው ደረጃ ምንጊዜም ይሻላል» የሚል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም በስሌትና በታወቁ የደረጃ ሰነዶች መመዘን ነው።

ከፍታው ቱርቦውን እንዴት ይፈትነዋል?

በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት የአየር ግፊት በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ በ600 ሜትር ደግሞ 94 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የአንድ ሞተር የአየር መግቢያ ግፊት በሁለቱም ቦታ 200 ኪሎ ፓስካል እንዲሆን ቢፈለግ፣ ቱርቦው በቆላ አየሩን 2.1 እጥፍ፣ በደጋ ግን 2.7 እጥፍ ገደማ ማመቅ ይኖርበታል። የአማቂውን ብቃት 72 በመቶ፣ የቆላውን አየር 35 ዲግሪ፣ የደጋውን 15 ዲግሪ አድርገን ስናሰላ፣ ከቱርቦው የሚወጣው አየር ሙቀት በቆላ ወደ 138፣ በደጋ ወደ 145 ዲግሪ ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት ከተለመደው ግምት ጋር ይጋጫል። የደጋው አየር በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝም ቱርቦው በደጋ ከቆላው የበለጠ ይደክማል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። በከባድ መኪና ቱርቦ ውስጥ ያለው ዘንግ በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከረው በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ነው። ንጣፉ ለቅጽበት ቢቋረጥ ብረት ብረትን ይነካል። ስለዚህ «ቆሰበር ብርድ ስለሆነች ሞተር አይቸገርም» የሚለው አባባል ለማቀዝቀዣው ውኃ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለቱርቦው ግን አይሠራም።

በተግባር ቱርቦው የአየሩን መሳሳት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አያካክስም። ያልተካካሰው ጉድለት ሌላ መዘዝ አለው፤ የሚገባው አየር ሲያንስ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ የሚፈጠረው ጥላሸትም በፒስተን ቀለበቶች በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። በጥቁር ጭስ ታጅቦ ዳገት የሚወጣ መኪና ዘይቱንም እያጠቆረ ነው።

የዘይት ቁጥርና የውፍረት ጥያቄ

የአሜሪካ አውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምኅጻሩ ኤስ ኤ ኢ፣ ባወጣው የውፍረት ምደባ 40 ቁጥር ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ ያለውን ዘይት ያመለክታል። 15 ደብሊው 40 የተባለውም በ100 ዲግሪ በዚሁ ወሰን ውስጥ ይገኛል። ልዩነታቸው የሚታየው በብርድ ነው። ለሁለቱ ዘይቶች የተለመዱ የውፍረት ልኮችን ወስደን ወደ 5 ዲግሪ ዝቅ አድርገን ብናሰላ፣ ነጠላው 40 ቁጥር ወደ 1800፣ 15 ደብሊው 40 ደግሞ ወደ 870 ሴንቲስቶክስ ይሆናል። በሌላ አነጋገር በቆሰበር ማለዳ የመጀመሪያው የሁለተኛውን እጥፍ ይወፍራል። ሞተሩ እንደ ተነሣ ዘይቱ ወደ ቱርቦው ለመድረስ የሚዘገየውም በዚያው ልክ ነው፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ ዘንጉ መሽከርከሩን አያቆምም።

ይህ የማለዳ ኪሳራ በዳገቱ ላይ በሚገኝ ጥቅም ይካካስ ይሆን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው በ150 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ የመሸርሸር ፍጥነት የሚለካው ውፍረት ነው፤ በኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ይበልጥ የሚመስለው ይህ መለኪያ ነውና። ምደባው በዚህ መለኪያ ለነጠላው 40፣ ለነጠላው 50 እና ለ15 ደብሊው 40 ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ከ3.7 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ ማነስ የለባቸውም። ስለዚህ ከ15 ደብሊው 40 ወደ ነጠላ 40 የሚቀይር ባለ መኪና በማለዳ እጥፍ ውፍረት ይከፍላል፣ በሙቀት ግን ምደባው የሚያረጋግጥለት ተጨማሪ ጥበቃ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን መታከል አለበት። ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት በሙቀት ውፍረቱን የሚጠብቀው በተጨመሩለት ረጃጅም ሞለኪውሎች ርዳታ ነው፤ እነዚህም በጊዜ ብዛት እየተቆራረጡ ዘይቱን ሊያሳሱት ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ የአገልግሎት ደረጃውም መታየት አለበት።

የአገልግሎት ደረጃ፦ አዲሱ ሁሉ ይሻላልን?

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ለናፍጣ ሞተሮች ያወጣቸው ደረጃዎች በዘመናት የተደራረቡ ናቸው። ሲ ኤፍ 4 በ1990፣ ሲ ኤች 4 በ1998፣ ሲ አይ 4 በ2002፣ ሲ ኬ 4 በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥተዋል። ሲ ኤፍ 4 ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ከአገልግሎት ተሰናብቷል፤ በዚህ ደረጃ የሚሸጥ ዘይት የዛሬውን የጥላሸት ጫና ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ሲ አይ 4 የሰልፈር መጠኑ በክብደት እስከ 0.5 በመቶ ለሚደርስ ናፍጣ የተነደፈ ነው። ሲ ኬ 4 ግን የጭስ ማጣሪያ ለተገጠመላቸው ሞተሮች ሲባል በዘይቱ ውስጥ የሚገኘውን አመድ ይገድባል። አመዱ ሲገደብ ብዙውን ጊዜ አሲድን የሚያከሽፈው የዘይቱ ክምችትም ይቀንሳል። ስለሆነም ሰልፈር የሚበዛበት ናፍጣ በሚጠቀምና የጭስ ማጣሪያ በሌለው መኪና ላይ አዲሱን ደረጃ የመረጠ ሰው፣ ዘይቱን በአጭር ጊዜ ካልቀየረ፣ የሚያተርፈው ነገር ላይኖር ይችላል። ሲኖትራክ ሃዎ ላይ በብዛት የሚታየው ባለ 6 ሲሊንደሩ የደብሊው ዲ 615 ሞተር የጭስ ማጣሪያ ሳይኖረው የሚሠራ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ላይ 15 ደብሊው 40 የሆነ ሲ አይ 4 ዘይት ምክንያታዊ መነሻ ነው። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን የሚቀድመው መመሪያው ነው።

ከጄት ጀልባ ጋር ማነጻጸር

የክርክሩን መሠረት ለመፈተን እጅግ የተለየ ማሽን እንውሰድ። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ባለ ቤንዚን ጄት ጀልባ አየሩን የሚያምቀው በጭስ ኃይል ሳይሆን ከሞተሩ ዘንግ በሚያገኘው ጉልበት ነው። ፍጥነቱ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ ከፍታን ለማካካስ መጣደፍ አይችልም። ይህን የመሰለ ጀልባ ወደ 1790 ሜትር ከፍታ ባለው ጣና ላይ ቢንሳፈፍ፣ በባሕር ወለል ከሚያገኘው የአየር ግፊት 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ይሠራል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ሱፐርቻርጀሩ ተጨማሪ ሩጫ አይጠየቅም።

ለእነዚህ ጀልባዎች የሚመረጠውም ዘይት ይለያል። በአንዳንዶቹ ሱፐርቻርጀሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የሚንሸራተት ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ሰበቃን የሚቀንስ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ያለው ዘይት ለመኪና ጥሩ ቢሆን እንኳ እዚያ ፍሪሲዮኑን አለልክ ያንሸራትተዋል። ሁለቱም ሞተሮች አየር የሚታመቅላቸው ሆነው ሳለ የዘይታቸው መልስ አንድ አይደለም። ዘይት የሚመረጠው «ቱርቦ አለው» ወይም «ሱፐርቻርጀር አለው» በሚል ስያሜ ሳይሆን፣ ዘይቱ የሚነካው እጅግ የተጨነቀ ክፍል ምን ይሻል በሚል ጥያቄ ነው።

ከምርጫ በኋላ ያለው ድርሻ

ጥሩ ዘይት መጥፎ ልማድን አያርምም። ከቻግኒ በኩል ዳገቱን ጨርሶ ቆሰበር የደረሰ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ፣ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ የጋለው የቱርቦ አካል ግን ሙቀቱን በውስጡ ወደ ቀረው ዘይት ያስተላልፋል። ዘይቱ እየከሰለ መተላለፊያውን ያጠባል። ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት አሠርቶ ማጥፋት ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚያድነው ቱርቦ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እንዲሁም የጎደለውን እየጨመሩ መጓዝ ዘይት መቀየር ማለት አይደለም፤ ጥላሸቱና አሲዱ በውስጡ እንዳሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት ሦስት ነገሮችን ያሳያል። የደጋው ቅዝቃዜ ቱርቦን አያሳርፍም፤ ነጠላ ወፍራም ዘይት በማለዳ ይጎዳል እንጂ በዳገት ላይ የተረጋገጠ ብልጫ የለውም፤ አዲሱ ደረጃም ከናፍጣው የሰልፈር መጠን ተነጥሎ ሊመዘን አይገባም። ስሌት ግን የመስክ ምርመራን አይተካም። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱ መኪናዎች በየተወሰነ ርቀት የዘይት ናሙና ወስዶ ውፍረቱን፣ ጥላሸቱን፣ ብረቱንና የአሲድ ማክሸፊያ ክምችቱን መለካት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚመጥን ርእስ ነው። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ላሉ ተማሪዎች የጥናቱ መስክ ከደጃፋቸው ይጀምራል። ውጤቱም በአንድ መኪና ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ ከግምት ወደ ልኬት ያሸጋግርለታል።