አሳታፊ ቴአትር፦ ተመልካች ወደ መድረክ ሲወጣ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ የአሳታፊ ቴአትርን ጠባይ ታስረዳላችሁ፤ «ብሆን ኖሮ … ነበር» የሚለውን አነጋገር ከትእዛዝ አንቀጽ ትለያላችሁ፤ አጭር ክፍት ተውኔትም ትጽፋላችሁ።

ሀ. ምንባብ (በጥሞና አንብቡ።)

ቴአትር ሲባል በዓይነ ልቡናችን የሚመጣው አዳራሽ ነው፤ መጋረጃ፣ ከፍ ያለ መድረክ፣ በጨለማ ተቀምጦ በዝምታ የሚመለከት ሕዝብ። በአዲስ አበባ ይህን መሰሉ ቴአትር ረጅም ታሪክ አለው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለቱም መሀል ከተማ ናቸው። ከተማይቱ ግን ወደ ምሥራቅ ሰፍታለች። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ እንደ አያት፣ ሰሚትና ቦሌ አራብሳ ያሉ ሰፋፊ መንደሮችን ይዟል። በእነዚህ መንደሮች የሚኖር ሠራተኛ ማታ ቴአትር ለማየት መሀል ከተማ ቢወርድ የመመለሻው ነገር ያሳስበዋል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ቴአትር ያለ አዳራሽ ሊኖር ይችላልን?

ይችላል፤ ኖሯልም። በቡሄ ሰሞን ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ፣ ዛሬ ደግሞ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ወደ ደረጃ ሲሄዱ ተመልከቱ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ባለቤቱ ሙልሙል ወይም ገንዘብ ሲሰጥ ጨዋታው ወደ ምርቃት ይለወጣል። ላሊበላ ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ ቆሞ ሲያዜም የባለቤቱን ስምና ሥራ ከጎረቤት ጠይቆ በዜማው ውስጥ ያስገባል። በአዝማሪ ቤትም እንግዳው ራሱ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ጥንት ደግሞ ሁለት ባላጋራዎች ሲጣሉ አላፊውን አስቁመው «የመንገድ ዳኛ» ያደርጉት ነበር። ለራሱ ጉዳይ ይጓዝ የነበረው ሰው በድንገት ፈራጅ ሆኖ ይቀመጣል። በእነዚህ ሁሉ ተመልካቹ የጨዋታው ባለድርሻ ነው፤ እርሱ ከሌለ ጨዋታው አይፈጸምም።

ይህን ጠባይ በዘመናዊው ቴአትር ውስጥ ሥርዓት አበጅቶ ያስፋፋው ብራዚላዊው የቴአትር አዘጋጅ አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. 1931–2009) ነው። በ1971 በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ታስሮ ከተሠቃየ በኋላ ተሰደደ፤ በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውስጥ ሠራ። «ፎረም ቴአትር» የተባለው ዘዴ ከዚህ ሥራ ተወለደ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተዋንያን አንድ የተበደለ ሰው የሚሸነፍበትን አጭር ተውኔት ያሳያሉ። ከዚያም ያው ተውኔት እንደገና ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ከተመልካቾቹ ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ ወደ መድረክ ይወጣል፤ የተበደለውን ሰው ቦታ ይዞ ሌላ መፍትሔ ይሞክራል። ተመልካቹንና ተዋንያኑን የሚያገናኝ፣ ለማንም የማያዳላ አንድ አስተናባሪ አለ።

ዘዴው ወደ አዲስ አበባም ደርሷል። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 ከከተማይቱ የጎዳና ልጆች ጋር ሠርቶ ነበር። ከእነዚያ ልጆች መካከል የሠለጠኑት ወጣቶች የመሠረቱት «አዱኛ» የተባለው የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቴአትር ቡድን ከውዝዋዜው ጋር ፎረም ቴአትርንም ተጠቅሟል። ትናንት ስለ እነርሱ ሌላው ይናገርላቸው የነበሩ ልጆች ራሳቸው ተናጋሪዎች ሆኑ።

አሁን በቦሌ አራብሳ በሁለት ሕንጻዎች መካከል ባለው ሜዳ ላይ የሚከተለው ትዕይንት ታየ እንበል። ውኃ በሌሊት መጥቷል፤ ምድር ቤት ያለው ጎረቤት በፓምፕ ይስበዋል፤ አራተኛ ፎቅ አይደርስም።

እናት፦ (ባዶ ጄሪካን ይዘው ከደረጃው እየወረዱ) ወንድሜ፣ እባክህ ፓምፑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አቁምልኝ።
ጎረቤት፦ (ከበሩ ሳይወጣ) እትዬ፣ ፓምፑን የገዛሁት በገንዘቤ ነው። ምን ላድርግ ይላሉ?
እናት፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ግድ የለም። (ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ይመለሳሉ።)

ተውኔቱ እዚህ ላይ ይቆማል። እናትየው «ግድ የለም» አሉ እንጂ ግዱስ ነበራቸው፤ ቃሉ ዝምታን ይሸፍናል። ከተመልካቹ አንድ ወጣት ወጥቶ በቁጣ ቢናገር ተዋናዩ በሩን ይዘጋበታል። አንዲት ሴት ወጥታ የየፎቁን ነዋሪ ብትጠራና ተራ ይውጣ ብትል ጎረቤቱ ይከራከራታል፤ ነገር ግን ብቻውን መሆኑን ያያል። ሌላው ደግሞ «ጎረቤቱ በአንድ ሌሊት ደግ ሰው ይሁን» ቢል አስተናባሪው ሕዝቡን «ይህ በእውነት ይሆናልን?» ብሎ ይጠይቃል።

ተውኔቱ ውኃ አያመጣም። ነገር ግን ከልዩ ልዩ ሰፈር በዕጣ መጥተው በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ስም ለስም የማይተዋወቁ ሰዎች ነገ በስብሰባ የሚናገሩትን ዛሬ በጨዋታ ይለማመዱበታል። ስለዚህ የክፍት ተውኔት ጸሐፊ ትልቁ ፈተና መልሱን አለመጻፍ ነው። መልሱን አስቀድሞ ከጻፈ ሥራው ስብከት ይሆናል፤ ተመልካቹም ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ጥያቄውን ግን አጥርቶ መጻፍ አለበት፤ ጎረቤቱንም ቢሆን የራሱ ምክንያት ያለው ሰው አድርጎ መሣል ይገባዋል። ምክንያት የሌለውን ክፉ ሰው ለማሸነፍ መለማመድ አያስፈልግምና።

ለ. ሰዋስው

1. እኔ ብሆን ኖሮ ፓምፑን አቁም እለው ነበር።
2. ወንድሜ፣ ፓምፑን አቁም!

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያልተፈጸመ ነገርን ይገልጻል፤ «ብ-» እና «ኖሮ» ሁኔታውን፣ «ነበር» ውጤቱን ያመለክታሉ። ተናጋሪው ገና ወንበሩ ላይ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው መልስ ይሰጣል። ከወንበር ወደ መድረክ መውጣት ማለት ከመጀመሪያው አነጋገር ወደ ሁለተኛው መሻገር ነው።

ሐ. መልመጃ

1. የላሊበላንና የፎረም ቴአትርን አንድነትና ልዩነት በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
2. የሚከተሉትን ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ለውጡ፦
   ሀ) እኔ ብሆን ኖሮ ጎረቤቶቼን ጥሩልኝ እላቸው ነበር።
   ለ) አንተን ብሆን ኖሮ አልመለስም ነበር።
3. በሰፈራችሁ ያያችሁትን አንድ አለመግባባት መርጣችሁ ከ15 መስመር ያልበለጠ ክፍት ተውኔት ጻፉ። የእውነተኛ ሰው ስም አትጥቀሱ። የተበደለው ሰው ዝም በሚልበት ቦታ ላይ አቁሙት፤ ከዚያም በክፍል ውስጥ አሳዩና «ቁም!» የሚለውን ጓደኛችሁን ጠብቁ።