«ስኳር የለውም» ያልኩት የሙዝ ኬክ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት አክስቴ ቤት የሙዝ ኬክ ጋግሬ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እሳቸው ቤት ጣፋጭ የሚቀርበው ለእንግዳ ብቻ ነው። ይህን ስለማውቅ በስኳሩ ፈንታ ቴምር ፈጭቼ ጨመርኩ። «እትዬ፣ ይሄንን ይብሉ፣ ስኳር የለውም» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ከሻይ ጋር ሦስት ቁራጭ በሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ መሣሪያው 260 አሳየ (በሚሊሞል አለካክ 14.4 ገደማ)። ለብዙ የስኳር ሕሙማን ከምግብ በኋላ እንዳይታለፍ የሚመከረው ቁጥር 180 ነው። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ «ሻዩ ይሆናል» ብለው አለፉት። ሻዩ ግን ስኳር አልነበረውም።

የዚያን ዕለት ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የሠራሁትን ሒሳብ ላካፍላችሁ። ዶርም ውስጥ ሙዝ ሲጠቁርብን ኬክ መጋገር የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ «ፍራፍሬ ስላለው ጤናማ ነው» ብለን የምንጋበዘውም ብዙ ነው።

የተለመደው የሙዝ ኬክ 2 ኩባያ (240 ግራም) ፉርኖ ዱቄት፣ 3 የበሰለ ሙዝ (ተልጦ 350 ግራም ገደማ) እና 1 ኩባያ (200 ግራም) ስኳር ይገባበታል። እንቁላልና ዘይቱን ለጊዜው እንተዋቸው፤ የደም ስኳርን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬት ነውና። ኬኩን 10 ቦታ ብንቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ከዱቄቱ 18 ግራም፣ ከሙዙ 8፣ ከስኳሩ 20፣ በድምሩ 46 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። አሁን ስኳሩን አውጥተን እኔ እንዳደረግሁት 200 ግራም ቴምር እናግባበት። ከ100 ግራም ቴምር 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ አብዛኛውም ስኳር። ስለዚህ ለአንድ ቁራጭ 15 ግራም ይደርሰዋል። ከ46 ወደ 41 ወረድን ማለት ነው! አክስቴ በሦስት ቁራጭ ከ120 ግራም በላይ ነው የበሉት። ቴምር ከስኳር የተሻለ ፋይበርና ፖታሲየም አለው፤ ይህ እውነት ነው። «ስኳር የለውም» ማለቴ ግን ውሸት ነበር።

ልብ በሉ፣ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ባወጣም እንኳ ከዱቄቱና ከሙዙ የሚመጣው 26 ግራም በቦታው ነው። ዱቄቱን የረሳሁት ስለማይጣፍጥ ነው። ስታርች ምላስ ላይ ባይጣፍጥም ሆድ ሲገባ ግሉኮስ ይሆናል።

ማርስ? ቤተሰቦቻችን «ተፈጥሯዊ ነው» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠራቸው። ከእነዚህ የሚገኘው ስኳር ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። ከ5 በመቶ፣ ማለትም ከ25 ግራም ቢያንስ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል ይላል። ሳይፈጭና ሳይጨመቅ የሚበላ ፍራፍሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በእንግሊዝ ደግሞ በማሽን የተፈጨ ፍራፍሬም ይቆጠራል፤ ፍራፍሬው ሲፈጭ ስኳሩን አቅፎ የያዘው ሕዋስ ይፈርሳልና። ብርቱካን ልጦ መብላትና አራት ብርቱካን ጨምቆ መጠጣት የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ታዲያ ኬክ አንጋግር? እንጋግር እንጂ። ጥሬ ሙዝ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ እየበሰለ ሲሄድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ራሱ ስለሚያጣፍጥ የምንጨምረውን ስኳር መቀነስ እንችላለን። እኔ ከ200 ወደ 75 ግራም አውርጄዋለሁ። ጨርሶ ሳወጣው አልወደድኩትም፤ ስኳር እርጥበት ይይዛል፣ ላዩንም ያቀላል፤ ያለ እሱ ኬኩ እንደ ላስቲክ ሆነብኝ።

ከዱቄቱ ደግሞ ሩቡን (60 ግራም) በጤፍ ዱቄት ተኩት። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ የሚፈጨው ከነገለባው ነው፤ ፋይበርና ብረት ይጨምርልናል፣ ጣዕሙም ከሙዝ ጋር ይስማማል። የካርቦሃይድሬቱ መጠን ግን ከፉርኖ ብዙም አይለይም፤ ሌላ «ስኳር የለውም» እንዳንፈጥር ነው ይህን የምለው። ግሉተን ስለሌለው ከግማሽ በላይ ካደረጋችሁት ኬኩ ይፈረፈራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኦቨኑን በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ (350 ፋራናይት) አሙቁ። ሙዙን በሹካ ዳምጡት። 2 እንቁላል፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ስኳሩንና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ ምቱት። ዱቄቶቹን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከቁንጥር ጨውና ከቀረፋ ጋር ለብቻ ቀላቅሉና ጨምሩበት። ኮረሪማ ካላችሁ ትንሽ ጣል አድርጉ፣ አትቆጩም። ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ፤ ብዙ ከታሸ ይደርቃል። ሶዳው ሎሚ ሲያገኝ ወዲያው አየር መፍጠር ስለሚጀምር ሊጡን አታቆዩት። ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ጋግሩት፤ ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ስትሰኩ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። በጾም በእያንዳንዱ እንቁላል ፈንታ ሩብ ኩባያ የተዳመጠ ሙዝ ይተካል፤ ትንሽ ጠጠር ይላል እንጂ ይበላል።

ያለ ተጨማሪው ሙዝ ሙሉ ኬኩ 335 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። 10 ቦታ ሲቆረጥ ቁራጩ 33 ግራም ገደማ ነው፤ 14 ቦታ ሲቆረጥ 24። ከሁሉም ለውጥ የበለጠ የሠራልኝ ቢላዋው ነው ብል አላጋነንኩም። ለስኳር ሕመምተኛ ስንት ግራም ይበቃል የሚለው እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰውየው ስለሚለያይ ከሐኪማቸው ጋር የሚወስኑት ጉዳይ ነው፤ የጋጋሪው ድርሻ ቁጥሩን በትክክል መንገር ነው።

አሁን ለአክስቴ ኬክ ስወስድ በዕቃው ክዳን ላይ «አንዱ ቁራጭ 24 ግራም» ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው ጊዜ አንዱን በሉና የቀረውን ለጎረቤታቸው ላኩት። «ያኔ ሦስት ያስበላኸኝን አልረሳሁም» አሉኝ እየሳቁ።