ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕና የነጋዴው መዝገብ

በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣና በቢቸና የዕለት ሽያጩን፣ የዱቤ ሒሳቡንና የመጋዘን ቆጠራውን በላፕቶፕ የሚይዝ ነጋዴ፣ መሣሪያው በሥራ መካከል ድንገት የጠፋበት እንደ ሆነ የሚጎዳው በመሣሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የእህል ነጋዴ ለ60 ደንበኞች ለእያንዳንዳቸው የ2,000 ብር ዱቤ ሰጥቶ ሒሳቡን በዚያው መሣሪያ ብቻ ቢይዝ፣ መዝገቡ በጠፋ ጊዜ 120,000 ብር ያለ ማስረጃ ይቀራል። የግብር ወራት ሲደርስም ለሒሳብ ሠራተኛው የሚያቀርበው ያጣል።

ላፕቶፕ ባስቸገረ ቁጥር ፈጥኖ የሚታዘዘው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማለት ግን በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ስለ ሆነ፣ ቅጂ ያልተያዘለት መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ብልሽቱ ከአቧራ ወይም ከባትሪ የመጣ እንደ ሆነ ፎርማት ፈጽሞ አያድነውም። ስለዚህ ነጋዴውም ሆነ ጸሐፊው ላፕቶፑን ለጠጋኝ ከማስረከቡ አስቀድሞ ምክንያቱን ለመለየት ይችል ዘንድ የሚከተለው ትምህርት ቀርቧል።

ከሁሉ አስቀድሞ

መሣሪያው አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ምክንያት ከጠፋ፣ በማግስቱ ሳይሆን በዚያኑ ዕለት የሒሳቡን ፋይል በሁለት ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጂ በፍላሽ ሆኖ ከሱቁ ውጭ በቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በሌላ ኮምፒውተር ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ይሁን። የዱቤው ዝርዝር ደግሞ በየሳምንቱ በወረቀት ቢታተም መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ቀጥሎም ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ዕለት ሒሳብ መዝገብ ያለ ማስታወሻ ይያዝ። በማስታወሻውም የጠፋበት ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ እንደ ነበርና እንዳልነበር፣ አካሉ መሞቁና በገጹ ላይ የታየው ጽሑፍ ይጻፍ። ከዚህ ማስታወሻ ብልሽቱ ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደ ሆነ ይታወቃል።

1ኛ/ ያለ ማስታወቂያ እንደ መብራት ድርግም ብሎ የሚጠፋ

ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከሙቀት ወይም ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ነው። ጥቂት ከሠራ በኋላ አካሉ ግሎ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ገና ከተነሣ ምክንያቱ ሙቀት ነው። የኮምፒውተር ዋና አስሊ ክፍል ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። በእህል መጋዘን የጤፍና የስንዴ ብናኝ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ስለሚጠቀጠቅ፣ ላፕቶፑም በጆንያ ወይም በጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ቀዳዳው ስለሚታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አገሩ ደጋ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን የማንሣት ኃይሉ አነስተኛ ነው። መድኃኒቱም መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግና ሁልጊዜ በጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። በጎሚስታ ቤት መንፊያ ማስነፋት ግን አይገባም፤ ግፊቱ ብርቱ፣ አየሩም እርጥበት ያዘለ ስለ ሆነ ማራገቢያውን ሊሰብር ይችላል።

አካሉ ሳይሞቅ፣ መብራት በሄደ ወይም የቻርጀሩ ገመድ በተነካ ጊዜ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። በባትሪ ብቻ ደኅና ሠርቶ ቻርጀር ሲሰካ የሚያውክ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ ወይም ሶኬቱ ይመረመር። ሌላ ቻርጀር ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ቮልት ከነባሩ ጋር እኩል፣ ዋቱም የማያንስ መሆን አለበት። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ይጠቅማል። ባትሪው አብጦ ሽፋኑን የገፋ እንደ ሆነ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አገልግሎቱ ወዲያው ይቁም፤ መውጋትም ሆነ መጫን ክልክል ነው።

2ኛ/ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ እንደ ገና የሚነሣ

በዚህ ጊዜ በገጹ ላይ የሚታየው የስሕተት ጽሑፍ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ለባለሙያው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እርሱ ነውና። በቅርቡ የተጫነ ፕሮግራም ወይም የተሰካ አዲስ ዕቃ ካለ፣ እርሱን አንሥቶ መሞከር ነው። ሰማያዊ ገጽ ሁልጊዜ የመሣሪያው መሰበር ምልክት አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ ኩባንያ በላከው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በዚህ ዓይነት ሲቆሙና ብዙ በረራዎች ሲሰረዙ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ እንጂ የመሣሪያዎቹ አልነበረም። ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር ገጹ የሚደጋገም ከሆነ ግን ሜሞሪው ወይም ዲስኩ ይመርመር፤ ዊንዶውስ ለሜሞሪ የራሱ መመርመሪያ አለው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ መዝገቡን ከመገልበጥ በቀር ሌላ ሥራ አይሠራበት።

3ኛ/ ሳይጠፋ ደርቆ የሚቆም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከጭነት ብዛት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የትኛው ፕሮግራም ሜሞሪውን እንደ ጨረሰ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይከፈታል። ዲስኩ ከሞላም ፊልሞችንና የማይፈለጉ ፋይሎችን ማስወገድ፣ ቀጥሎም ቫይረስ መፈተሽ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ስለ ተቋረጠ፣ በእርሱ የሚሠሩ ነጋዴዎች ይህን አስበው ይዘጋጁ።

ወደ ጠጋኝ ሲኬድ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብልሽቱ ካልተወገደ፣ ወደ ደብረ ማርቆስም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ለጥገና ሲላክ ማስታወሻውና ፎቶግራፉ አብረው ይላኩ። ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፤ የሚለወጠው ዕቃም በጽሑፍ ይገለጽ፤ አሮጌውም ይመለስ። «ፎርማት ይደረግ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ባለንብረቱ የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በዓይኑ ሳያይ አይፍቀድ። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ ያልተገለበጠ የዱቤ መዝገብ ግን የሚተካው በደንበኛው ሐቀኝነት ብቻ ነው።