እናት እጅ ስንት ብር ይገባል?

ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚለው ይሻላል ወይስ ክፍያ የሚጠይቀው?

መጀመሪያ የምንዛሪውን ልክ እንወቅ። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዶላር በአገር ቤት ስንት ብር እንደሆነ ሰምታችሁ ለ3.75 ብታካፍሉት የሪያሉ ዋጋ ይወጣል። ዶላር 150 ብር ቢሆን ሪያል 40 ብር ነው። ብሩ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ይለዋወጣል፤ ያለፈ ወሩን ዋጋ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

አሁን ለምሳሌ አንዱ ላኪ ምንም ክፍያ የለውም፣ ሪያሉን ግን በ38 ብር ይመነዝራል እንበል። ሌላው በ40 ብር ይመነዝራል፤ 20 ሪያል ክፍያ፣ በክፍያው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ታክስ፣ በድምሩ 23 ሪያል ይቆርጣል።

300 ሪያል የያዘች እህት በመጀመሪያው 11,400 ብር ይደርስላታል። በሁለተኛው የሚመነዘርላት 277 ሪያል ነው፣ 11,080 ብር። «ነጻው» አዋጣት! 600 የያዘችው ግን በመጀመሪያው 22,800፣ በሁለተኛው 23,080። ተገለበጠ። የ2 ብሩ ልዩነት በእያንዳንዱ ሪያል ላይ ስለሚቆጠር ገንዘቡ ሲበዛ አብሮ ይበዛል፤ 23 ሪያሉ ግን ያው 23 ነው። 460 ሪያል ላይ ሁለቱም እኩል 17,480 ብር ይሰጣሉ።

የሁለት ወሩን አንድ ላይ መላክም አንዱን ክፍያ ያስቀራል። እናት የመድኃኒት እየጠበቀች ከሆነ ግን ያ ሒሳብ ይቅርባችሁ፣ ዛሬውኑ ላኩ። ብቻ ሪያላችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «እዚያ የሚደርሰው ስንት ብር ነው?» በሉ፤ ደረሰኙ ላይም ያው ቁጥር መጻፉን እዩ።